የምንሰማበትን ዕቃ እናውቀዋለን?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዘንድ ግን አባባሉ ሰፋ ብሎ ጆሮ ላይ የሚደረገውንም ዕቃ የሚጨምር ይመስለኛል። ሁለተኛ ዓመት ደርሰን የሬዲዮ ዝግጅት ኮርስ ስንወስድ ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ድምፅ አወጣጥ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ ብዙ ተምረናል። ስለ ሄድፎን የተማርነው ግን «ሰክታችሁ አድምጡ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ውስጡ ምን አለ? ድምፁ እንዴት ይፈጠራል? ለምንስ ሁልጊዜ አንዱ ጆሮ ብቻ ጸጥ ይላል? ከመካከላችን መልሱን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ትምህርት ክፍላችን ሄድፎን ያሠራን። መግዛትና መጠገን ብቻ ሳይሆን ከባዶ ተነስተን እንሥራ። እንድንሠራው የምፈልገው ደግሞ ኤሌክትሮስታቲክ የሚባለውን ዓይነት ነው። «ይሄ ልጅ ምን ነካው? መሐንዲስ ለመሆን ከፈለገ ክፍል ተሳስቷል» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ላስረዳ።

ከበሮና ፊልም

በስቱዲዮም በታክሲም የምናየው ተራ ሄድፎን ዳይናሚክ ይባላል። ውስጡ ትንሽ ማግኔት፣ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተሠራ ጥቅልልና ከጥቅልሉ ጋር የተጣበቀ ሽፋን አለው። የድምፁ ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ጥቅልሉ ከማግኔቱ ጋር እየተሳሳበና እየተገፋፋ ይንቀሳቀሳል፤ ሽፋኑንም ይዞት ይሄዳል። ሽፋኑ አየሩን ይገፋል፤ እኛ እንሰማለን።

ኤሌክትሮስታቲኩ ማግኔትም ጥቅልልም የለውም። እስቲ ከበሮ አስቡ። ቆዳው ግጥም ብሎ ተወጥሯል። አሁን ቆዳውን አንሱና ውፍረቱ 2 ወይም 3 ማይክሮን ብቻ በሆነ ፕላስቲክ ተኩት። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ስለሚደርስ፣ ፕላስቲኩ ከፀጉር ከሃያ እጥፍ በላይ ይቀጥናል ማለት ነው። ይህ ፊልም በሁለት የተበሳሱ ሳህኖች መካከል ይወጠራል። ከፊልሙ እስከ እያንዳንዱ ሳህን ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፊልሙ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ቻርጅ ይደረጋል፤ ለምሳሌ የጃፓኑ ስታክስ ኩባንያ ለዘመናዊ ሄድፎኖቹ የሚጠቀመው 580 ቮልት ነው። ከዚያ የድምፁ ሲግናል ወደ ሁለቱ ሳህኖች ተቃራኒ ሆኖ ይላካል። አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል። ፊልሙም መሐል ሆኖ ወዲህና ወዲያ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በዳይናሚኩ ኃይሉ የሚያርፈው ጥቅልሉ በተጣበቀበት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ በኤሌክትሮስታቲኩ ግን የፊልሙ ገጽ በሙሉ እኩል ይገፋል። ፊልሙ ክብደት የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ድምፁ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ ድምፁ ሲያቆም አብሮ ያቆማል። ተናጋሪው ከቃሉ በፊት የሳበው ትንፋሽ፣ ኤዲት ሲደረግ የተቆረጠበት ቦታ፣ የክፍሉ ግድግዳ የመለሰው ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን የድምፁ ጥራት ብቻ አይደለም። ዳይናሚክ ሄድፎን ቤት ውስጥ ከባዶ ልሥራ ብትሉ ማግኔቱም፣ ከፀጉር የቀጠነው ጥቅልልም፣ ቅርጽ የወጣለት ሽፋንም ከፋብሪካ መምጣት አለባቸው። ኤሌክትሮስታቲክ ግን ፊልም፣ የተበሳሳ ሳህንና መሐላቸው የሚገባ ቀለበት ነው። ሁሉም በዓይን ይታያል፤ በእጅ ይሠራል። ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም።

የተገለበጠ ማይክሮፎን

ለጋዜጠኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ስቱዲዮ ውስጥ የምንናገርበትን ኮንደንሰር ማይክሮፎን ብንከፍተው የምናገኘው ያንኑ ነገር ነው፦ ስስ ፊልም፣ አጠገቡ ሳህን፣ መሐላቸው ቻርጅ። ድምፃችን ፊልሙን ሲያንቀሳቅሰው ቮልቴጁ ይለዋወጣል፤ ያ ለውጥ ነው የሚቀረጸው። ይህን ማይክሮፎን እ.ኤ.አ. በ1916 የሠራው አሜሪካዊው ኢ. ሲ. ዌንት ነው። ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን ማለት ይኸው ማይክሮፎን ተገልብጦ ነው። አንዱን የሠራ ሁለቱንም አወቀ።

ሚክሰሩ ላይ «48 ቮልት» የምትል ቁልፍ አለች። አንዳንዶቻችን ሁልጊዜ ተጭነን እንተዋታለን፤ አንዳንዶቻችን ጨርሶ አንነካትም። ለምን 48 ሆነ ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የኖርዌይ ሬዲዮ ከጀርመኑ ኖይማን ኩባንያ ማይክሮፎን ሲገዛ ኃይሉ በዚያው በድምፅ ሽቦው እንዲመጣ ጠየቀ። በስቱዲዮዎቹ ውስጥ ለአደጋ ጊዜ መብራት የተዘረጋ የ48 ቮልት መስመር ነበረውና ኖይማን ያንን ተጠቀመ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ስቱዲዮዎች የሚከተሉት ልክ የመጣው ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የመብራት መስመር ነው። አንድ ቁልፍ እንኳ ይህን ያህል ታሪክ ካለው ሌላው ዕቃችን ስንት ይኖረው?

የኢንተርንሺፑ ተማሪ

«ተማሪ ሄድፎን ሠርቶ ምን ሊፈይድ ነው?» ለሚል ሰው ከጄምስ ዌስት የተሻለ መልስ የለኝም። ዌስት እ.ኤ.አ. በ1931 በቨርጂንያ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1957 ገና የፊዚክስ ተማሪ ሳለ ቤል ላብስ ለክረምት ኢንተርንሺፕ ገባ። የተመደበበት ክፍል ሁለቱ ጆሮዎቻችን በጣም ተቀራርበው የሚደርሱ ድምፆችን እንዴት እንደሚለዩ ያጠና ነበር። ለጥናቱ ለየት ያለ ሄድፎን አስፈለገ። ዌስት የጀርመን ተመራማሪዎችን ሥራ አንብቦ ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን ሠራ።

ሄድፎኑ በደንብ ሠራ። ከወራት በኋላ ግን ድምፁ ደከመ። ዌስት ምክንያቱን ሲፈልግ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው፦ ባትሪው ተነቅሎም ሄድፎኑ ይሠራል! ፊልሙ ቻርጁን ውስጡ ይዞ አስቀርቶት ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን «ተበላሸ» ብሎ ይጥለው ነበር። እርሱ ግን ይህችን ነገር ይዞ ከባልደረባው ከጀርመናዊው ጌርሃርድ ሴስለር ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ኤሌክትረት ማይክሮፎንን ሠሩ፤ በ1964 ፓተንት አገኙበት። በካሴት መቅረጫዎች፣ በስልኮች፣ ኮት ላይ በምትሰካው ትንሽ ማይክሮፎን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የኖረው እርሱ ነው። ውጫዊ ባትሪ ብዙም ስለማይፈልግና ርካሽ ስለሆነ ሪፖርተሩ ማይክሮፎኑን በኪሱ ይዞ መዞር ቻለ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ግኝቱ የመጣው ተማሪው ሄድፎኑን በእጁ ስለሠራውና ሲደክም ከፍቶ ስላየው ነው። ገዝቶት ቢሆን ኖሮ መልሶ ይልከው ነበር።

ቤት ውስጥ መሥራትም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የላካቸውን ሄድፎኖች የሠራው በወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ባሕር ኃይሉ ወዶት ሲያዝ እንኳ ከወጥ ቤቱ የሚወጣው በጥቂት በጥቂቱ ነበር። በሌላ በኩል ኤሌክትሮስታቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ የዋጋው ነገር አይነሣ። ስታክስ የመጀመሪያውን ኤስአር-1 እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ዕቃው የባለጠጋ ሆኖ ቆይቷል። የጀርመኑ ዜንሃይዘር በ1991 ኦርፌውስ ብሎ ያወጣው 300 ብቻ ተመርቷል፤ በ2015 ያስተዋወቀው ተተኪው ደግሞ ወደ 50,000 ዩሮ ተተምኗል። በየአገሩ ያሉ የእጅ ሥራ ወዳጆች «እኛው እንሥራው» ብለው የተነሱት ይህን አይተው ነው።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ሁለቱ ሳህኖች ይዘጋጃሉ፤ የተበሳሳ የአሉሚኒየም ሉህ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት የሚሠራበት መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ ተቆርጦ ይበሳል። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ሹል ጫፍ ካለ ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ይዘላልና። ከዚያ ፊልሙ ይወጠራል። አንዳንዱ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር እየጎተተ ያስረዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ከሥሩ አድርጎ በመንፋት ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይወጥረዋል። ሁለተኛው ብልሃት እጅግ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ፊልሙ ቻርጅ እንዲይዝ ይቀባል። የቆየው ዘዴ የእርሳስ ዱቄት የሆነውን ግራፋይት በጥጥ አሽቶ፣ ጥቁረቱ እስኪጠፋ መልሶ መጥረግ ነው። ብዙ ከቀረ ቻርጁ በፊልሙ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሮጥና ድምፁ ይዛባል። ከዚያ ቀለበቱ፣ ፊልሙና ሳህኖቹ ይገጣጠማሉ። አንዲት የአቧራ ብናኝ መሐል ከገባች ጠሽ ጠሽ ትላለች። ፊልሙ ከላላ ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ያኔ ፈትቶ እንደገና ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ግን ዶርም ውስጥ አይሆንም

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ኮስተር ልበል። ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ ልሞክረው የሚል ጓደኛ ካለ፣ አይሞክረው። የግድግዳችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ 580 ቮልት ከዚያ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው።

አደጋው የቱ ጋ እንዳለ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊልሙን ቻርጅ የሚያደርገው መስመር ላይ 5 ሚሊዮን ኦም ያህል ሬዚስተር ስለሚገባ፣ በዚያ በኩል ሊያልፍ የሚችለው 0.1 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ አደጋ ሳህኖቹን የሚነዳው አምፕሊፋየር ነው። እርሱ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ከበቂ ኃይል ጋር አለ፤ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኤሌክትሪኩን ይዘው ይቆያሉ። «ነቅዬዋለሁ» ማለት «ሞቷል» ማለት አይደለም። በቴስተር ተለክቶ ዜሮ መሆኑ ሳይረጋገጥ እጅ አይገባም። ሳህኑና ጆሮ መካከልም አስተማማኝ መከላከያ መኖር አለበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ ቮልት የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ታዲያ «ቤት ውስጥ የሚሠራ» የሚባለው ነገር ለብቻ መሥራት ማለት አይደለም። የፊልሙን፣ የሳህኑንና የቀለበቱን ሥራ እኛ በእጃችን እንሥራ። ኤሌክትሪኩን ግን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ከመምህራቸውና ከላቦራቶሪያቸው ጋር ይያዙት። እነርሱም ቢሆኑ በወረቀት ያሰሉትን ነገር በጆሮ የሚሰማበት ዕድል ያገኛሉ።

ተቃውሞዎቹ

አንደኛው ተቃውሞ «ይህ የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም» የሚል ነው። ባለፈው ሴሚስተር ከክፍላችን አንድ ቡድን ወደ ገጠር ወጥቶ ነበር። ስለ ውኃ ችግር አንዲት እናት ለ40 ደቂቃ ያህል ሳይሰለቹ አጫወቷቸው። መቅረጫው ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ነበርና በድምፁ ሁሉ ላይ የመብራት ጉምጉምታ ገባበት። ማንም አልሰማውም፤ ምክንያቱም ከቡድኑ ጋር የወጣው ብቸኛ ሄድፎን ሽቦው ከመሰኪያው ሥር ተበጥሶ ስለነበር ማንም አላደረገውም። የእኚያ እናት ንግግር አየር ላይ አልዋለም። ሄድፎኑን በኋላ አንድ የምህንድስና ተማሪ አንድ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ በየደው። የተበጠሰችው አንዲት ሽቦ ነበረች። ይህ የጋዜጠኛ ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ነው? ሰው አምኖ ድምፁን ሲሰጠን ድምፁን ጠብቀን ማምጣት የእኛ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው «ኤሌክትሮስታቲክ ለመስክ አይሆንም» የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ድምፅ ያስወጣል፣ የውጭውንም ያስገባል። የራሱ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ለመስክ ሥራ ዝግ የሆነው ተራ ዳይናሚክ ሄድፎን ይበልጠዋል። እኔም የመስክ ዕቃችንን በእርሱ እንተካ አላልኩም። ያልኩት እንማርበት ነው። የሕክምና ተማሪ የሰው አካል የሚያጠናው ሌላ ሰው ሊሠራበት ብሎ አይደለም፤ በሽታው የት እንደተደበቀ ለማወቅ ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር በእጅ መሥራት ርካሽ ነው ብዬ አልከራከርም። ፊልሙ በቀላሉ አይገኝም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ብዙውን ጊዜ አይሳካም፤ ጥሩ ዳይናሚክ ሄድፎን ገዝቶ መገላገል ለጊዜው ይቀል ይሆናል። ነገር ግን ስንገዛ ኖረን የት ደረስን? ንብረት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ ያደረጋቸው ሄድፎኖች ግማሾቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ተቀምጠዋል። ተማሪ እንዳይከፍታቸው የመንግሥት ንብረት ናቸው፤ እንዳያደምጥባቸው አይሠሩም። መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ዕቃ የፈረመ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። መከፈት የሚፈራ ዕቃ ግን መጨረሻው መጣል ነው።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤን በሦስት ደረጃ አስቀምጣለሁ። በመጀመሪያው ደረጃ የተበላሹት ሄድፎኖች በመምህር ፊት ይከፈቱ። ማግኔቱን እንይ፣ የተበጠሰውን እንፈልግ፣ እንበይድ። ከዚህ የባሰ አይበላሹም። በከተማችን ያሉ ሬዲዮ ጠጋኞችም አንድ ከሰዓት በኋላ ተጋብዘው ቢያሳዩን ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ በመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት እጃቸው ላይ አለ።

በሁለተኛው ደረጃ እያንዳንዱ ቡድን የዌስትንና የሴስለርን ማይክሮፎን፣ ማለትም ኤሌክትረቱን፣ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ያሠራ። ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አያሰጋም። በሠራው ማይክሮፎን አንድ አጭር ቃለ መጠይቅ ይቅረጽበት።

በሦስተኛው ደረጃ ከኤሌክትሪካል ምህንድስና ጋር በመሆን በዓመት አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን ይሠራ። ሲያልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀመጥ። የኤዲቲንግ ፈተናችንን በእርሱ ይታረሙ፤ የቆረጥንበትን ሁሉ ያጋልጠናልና። የቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ፈትተው ያሻሽሉት። የመጀመሪያው ጥሩ ላይሆን ይችላል። አምስተኛው ግን ከመጀመሪያው ይሻላል፤ አምስቱንም ዓመት ተማሪው ዕቃውን ሲፈራ አይኖርም።

ይህ ሁሉ ወጪ ከመጠየቁ በፊት የሚጠይቀው ፈቃድ ነው። የቁም ሣጥኑ ቁልፍና አንድ የቅዳሜ ጠዋት ይበቃል ለመጀመሪያው ደረጃ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። የጥንቱ ተማሪ ጥምጣሙን ከማድረጉ በፊት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። የእኛ ዘመን ጥምጣም ሄድፎን ነው፤ አናታችን ላይ ካደረግነው ሰነበትን። አሁን ደግሞ እንማረው።

ቸር ያሰማን።